ከወህኒ እስከ ደብረ ከርቤ

ወህኒ የተራራ ስም ነው። ዛሬ «ወህኒ ወረደ» ሲባል ማንም ተራራ አያስብም። የሚታየን ግንብ፣ የብረት በርና ዘበኛ ነው። ቃሉ የመጣው ግን ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ ካለ፣ ጎኑ እንደተጠረበ ቀጥ ብሎ ከቆመ አምባ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ፣ ዙፋን ሊመኙ ይችላሉ የተባሉ የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች እዚያ ላይ ይቀመጡ ጀመር። አፄ በካፋም ከመንገሣቸው በፊት የዚያ አምባ እስረኛ ነበሩ። ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻ የአንዱ አምባ ስም የእስር ቤት ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። እኛ ዛሬ ወደ ወህኒ «እንወርዳለን»፤ እነሱ ግን ይወጡ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሌላ ተራራ ለመጻፍ ብዬ ነው። ወህኒ የሠራውን ሥራ፣ ከወህኒ በፊት፣ ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የሠራች ተራራ አለች። ግሸን ናት። እሷን ስንጠራ ግን ማንም እስር ቤት አያስብም። ሙሉ ስሟ ግሸን ደብረ ከርቤ ነው፤ የከርቤ ተራራ። አንዷ መዓዛ ሆነች፣ አንዱ ሰንሰለት ሆነ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰዎችን ለአንድ ዓይነት ምክንያት የያዙ አምባዎች ናቸው። ይህ ልዩነት ለምን እንደመጣ ሳስብ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። አሁንም ከሐሳቤ አልወጣም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ግሸን ደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ናት። ዙሪያዋ ገደል ነው፣ አናቷ ሜዳ ነው፣ ከላይ ሲያዩዋት ደግሞ የመስቀል ቅርጽ አላት። ለአንድ ንጉሥ ከዚህ የተሻለ የሰው ማቆያ አይገኝም። ለአንድ መነኩሴም ከዚህ የተሻለ ገዳም አይገኝም። ሁለቱም አገኟት።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የግሸን ስም ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ታሪኳ ወደ አፄ ካሌብ ዘመን ይመለሳል። ከናግራን የእግዚአብሔር አብና የእመቤታችን ጽላት መጥቶ እዚህ እንዳረፈ ይነገራል። በንጉሥ ላሊበላ ጊዜ የእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ደብረ እግዚአብሔር ተባለች። የነገሥታት ልጆች ሲኖሩባት ደግሞ ደብረ ነገሥት ተባለች። ከዚያ ግማደ መስቀሉ መጣ፣ ደብረ ከርቤ ሆነች።

«ደብር» ራሱ በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። መነኮሳት ተራራ ተራራውን ስለያዙ ቃሉ ከአለቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሻገረ። ዛሬ ሜዳ ላይ ያለ የከተማ ቤተ ክርስቲያንም ደብር ነው፤ «የደብሩ አስተዳዳሪ» እንላለን። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ግሸን የሚሄድ ሰው መንገዱ ራሱ የደብር ሰንሰለት ነው። ደብረ ብርሃንን ያልፋል፣ ደብረ ሲናን ይወርዳል፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፎ ወደ ደብረ ከርቤ ይወጣል። አውቶቡስ ውስጥ የሚዘምሩት ምዕመናን የሚያልፉት በአንድ ንጉሥ ስያሜዎች መካከል ነው። ደብረ ብርሃንንም ደብረ ከርቤንም የሰየሟቸው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸውና።

ስለ እሳቸው ትንሽ ልቆይ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የአፄ ዳዊት ልጅ ናቸው። የነገሡት በ1434 ነው፣ ያረፉት በ1468። ብዙ የተጻፈላቸው ንጉሥ ናቸው። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረጉ፣ የእመቤታችንን በዓላት ሠላሳ ሦስት አድርገው የደነገጉ፣ መጽሐፈ ብርሃንን ያጻፉ። ሊዘለል የማይገባው ነገር ግን ሌላ ነው። ከመንገሣቸው በፊት የግሸን እስረኛ ነበሩ። ወንድማቸው በነገሠ ጊዜ እሳቸው አምባው ላይ ነበሩ። ከአፄ ይስሐቅ ሞት በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነገሥታት ሲፈራረቁ፣ ተራው ሲደርስ ከተራራው ወርደው ዘውድ ጫኑ።

ያኔ ወጣቱ እስረኛ አምባው ጠርዝ ላይ ቆሞ ምን ያስብ እንደነበር ማን ያውቃል። በሩ አንድ ነው፣ ጠባቂው ብዙ ነው። ከታች ያለው አገር ሁሉ ይታያል፣ አይደረስበትም። ወንድም በሞተ ቁጥር ተስፋም ፍርሃትም እኩል ይመጣል። ያ ሰው ነው በኋላ ንጉሥ ሆኖ ወደዚሁ ተራራ መስቀል ይዞ የተመለሰው።

የመስቀሉን ታሪክ አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። መጽሐፈ ጤፉት የሚባለው መጽሐፍ ይተርከዋል፤ ጽሑፉ እንደ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነው ጤፉት የተባለ ይላሉ። በግብፅ ክርስቲያኖች ላይ መከራ ሲበዛ አፄ ዳዊት የዓባይን ውኃ እገድባለሁ ብለው አስፈራሩ። በዚህ ምክንያት እርቅ ወረደ፣ ከእጅ መንሻው ሁሉ ግን የፈለጉት ጌታ የተሰቀለበትን ግማደ መስቀል ነበር። መስቀሉ ሲመጣ ዳዊት መንገድ ላይ፣ ስናር፣ አረፉ። ልጃቸው ዘርዓ ያዕቆብ መስቀሉን ተቀብለው የት ያስቀምጡት? በሕልም ተነገራቸው፦ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል»። መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር። ሦስት ዓመት መስቀለኛ ቦታ ሲፈልጉ ኖሩ። በመጨረሻ ግሸንን አገኙ።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ትውፊቱ «አገኙ» ይላል። ዘርዓ ያዕቆብ ግን ግሸንን አያውቋትም? ድንጋይ በድንጋይ ያውቋታል። በአገሩ ሁሉ ሦስት ዓመት ዞረው የደረሱባት ተራራ ወጣትነታቸው ያለፈባት ተራራ ናት። ትውፊቱን አልጠራጠርም፤ እንዲያውም በዚህ የተነሳ የበለጠ ነው የምወደው። አንዳንድ ቦታ አለ፣ ኖረህበት እንኳ መስቀል መሆኑን ለማየት ዓመታት የሚፈጅ። እስረኛ ሆኖ ያየው ገደል ነው። ንጉሥ ሆኖ ሲመለስ ያው ገደል የመስቀል ክንፍ ሆነለት።

ከዚያ ስም አወጡላት። ደብረ ከርቤ።

ለምን ከርቤ? ደብረ መስቀል ማለት ይቻል ነበር። የሚቀለውም እሱ ነበር። ከርቤ ግን ቀላል ስም አይደለም። ሰብአ ሰገል ካመጧቸው ሦስት እጅ መንሻዎች ውስጥ ወርቁ ለንግሥናው፣ ዕጣኑ ለአምላክነቱ ነው፤ ከርቤው ለሞቱ ነው። በማርቆስ ወንጌል ጌታ ሲሰቀል ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ሰጡት፣ አልተቀበለም። በዮሐንስ ወንጌል ኒቆዲሞስ ለቀብሩ መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ መጣ። ከርቤ የመስቀሉ ጎረቤት ነው። ገና በመጀመሪያው የልደት ስጦታ ውስጥ የተቀመጠ የቀብር ነገር ነው።

ደግሞ አንድ ሌላ ቦታ አለ። በመኃልየ መኃልይ አራተኛው ምዕራፍ ላይ፦ «ወደ ከርቤው ተራራ ወደ ዕጣኑም ኮረብታ እሄዳለሁ።» የከርቤ ተራራ። ስሙ ከመጽሐፍ የተነሳ ስም ነው። የከርቤ ዛፍ ግሸን ላይ አይበቅልም፤ የቆላ ዛፍ ነው፣ ሞቃታማና ደረቅ መሬት ይፈልጋል፣ አገራችን ውስጥ በሶማሌና በቦረና በኩል ነው የሚገኘው። ቅርፊቱ ሲቆስል ሙጫ ያወጣል፣ ሙጫው ሲደርቅ ከርቤ ይሆናል። ሲጨስ ይሸታል፣ ሲቀመስ ይመራል። ቤት ውስጥ የምናጨሰው ያው ነው።

እኔ ይህን ስም የምረዳው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ወጣትነቱ የታሰረበትን ተራራ ሲሰይም ሁለቱንም የያዘ ቃል መረጠ፤ መዓዛውንም ምሬቱንም። ይህ የኔ አነባበብ ነው፣ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ቃል አይደለም። ግን ወርቅ ወይም ዕጣን ማለት እየተቻለ ከርቤ መባሏ ለኔ ትርጉም አለው።

አሁን ግን የከበደው ነገር ይመጣል። ዘርዓ ያዕቆብ የተራራውን ስም ቀየሩ። በሩን ግን አልከፈቱም።

ግሸን ደብረ ከርቤ ከተባለች በኋላም እስር ቤት ነበረች። አፄ ናዖድ በ1494 ለመንገሥ የወረዱት ከዚያው አምባ ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ። በ1520ዎቹ አገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ተራራ ጽፏል። ከአምባው ልዑላን ለንጉሡ መልእክት ይዞ የመጣ አንድ መነኩሴ ነበር። ያ መነኩሴ ተገረፈ፣ ጠባቂዎቹም ተቀጡ። ስለ ደብዳቤ ነው። አንድ ወረቀት ከከርቤ ተራራ ወርዶ ዘመድ ዘንድ በመድረሱ።

ይህንን ሳነብ ደብረ ብርሃንም ትዝ ይለኛል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም በማለታቸው በዚያው ንጉሥ ዘመን ተሰደዱ፣ ተገረፉ፣ ተወገሩ። ከዚያ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን ሥራቸው በእግዚአብሔር ዘንድ የመወደዱ ምልክት አድርገው አዩት፣ ቤተ ክርስቲያን አነጹ፣ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት። በኋላ የመጡ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በ1456 የታየው ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ኮከብም ይሁን ሌላ፣ ብርሃን የሚለው ስም ከሥሩ የሰው ደም አለበት። ዘርዓ ያዕቆብ ቆንጆ ስም ማውጣት የሚችሉ ንጉሥ ነበሩ። ምጥማቅ የሚባለው የግብፅ ገዳም መፍረሱን ሲሰሙ እንኳ በሐዘናቸው መሐል ተጉለት ላይ ሌላ ደብረ ምጥማቅ ተከሉ። የፈረሰውን በስሙ መልሰው አቆሙት። ያን ልብ አከብራለሁ። ያው ልብ ግን ስም ሲሰጥ የሚጋርድበትም ጊዜ ነበረው።

የግሸን እስር ቤትነት ያበቃው በጦርነት ነው። የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ቀደም ብሎ ሞክሮ አልቻለም፣ በ1540 ግን ገባ። የነገሥታቱ ሀብት ተዘረፈ፣ እዚያ የነበሩት አለቁ። ከዚያ በኋላ የነገሥታት ልጆች ወደ ግሸን አልተመለሱም። ልማዱ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ወህኒ ሄደ።

ለአውሮፓ ግን ግሸን ከዚያ በኋላም ሌላ ሕይወት ነበራት። የአልቫሬዝ ወሬ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ እየተዋበ መጣ። ተራራዋን «አማራ» አሏት፤ የአውራጃው ስም ለተራራው ተሰጠ። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል ስፔናዊ መነኩሴ በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ የወርቅ አዳራሽና የዓለምን መጻሕፍት ሁሉ የያዘ ቤተ መጻሕፍት ሠራላት፣ እግሩ ሳይረግጣት። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው ረጅም ግጥሙ ውስጥ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበት አማራ ተራራ ብሎ ከገነት ጋር አነጻጸራት። አንዳንዶቻችን ይህን እንደ ክብር እንቆጥረዋለን። እኔን ያመኛል። ሰው ታስሮ ያረጀበትን ቦታ ገነት ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ ከሩቅ ስለሆነ ብቻ ነው የተቻለው።

ቅርብ ያለው ሕዝብ የያዘው ስም ሌላ ነው። የአምባሰል ገዥዎች ማዕረግ ጃንጥራር ነበር፤ የተራራው ጥበቃ የእነሱ ሥራ ስለነበር በክብር የሚጠሩበት ስም ሆነ። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ይባሉ ነበር። አምባሰልን ራሱን «የማር አምባ» ብለው የሚፈቱት አሉ፤ «አሰል» በዐረብኛ ማር ስለሆነ። እስላምና ክርስቲያን አንድ ቤት በሚመስልበት ወሎ ይህ ፍቺ ደስ ይለኛል። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱም አምባሰል ነው። ስለ ግሸን የሚለው ቃልም በየሰው አፍ ብዙ ፍቺ ይነገራል። ሁሉም ግን የሚገናኙት «ግሸን ማርያም» ላይ ነው። እናቴ ደብረ ከርቤ እንኳ አትልም። «ግሸን ማርያምን ልሳለም» ነው የምትለው። ለሷ ተራራውና እመቤታችን አንድ ስም ናቸው።

መስከረም 21 የሚወጣው ሕዝብ ይህን ስም በእግሩ የጻፈው ይመስለኛል። ወህኒ ላይ ማንም ስለት ይዞ አልወጣም። ማንም እናት ልጇን አዝላ «ብትሰጪኝ እመጣለሁ» ብላ አልተሳለችም። ስለዚህ ወህኒ የሚለው ቃል ጠባቂው እንደተወው ቀረ። ግሸንን ግን ንጉሡ ከርቤ ስላሏት ብቻ ከርቤ አልሆነችም። በሩን ሳይከፍቱ ያወጡት ስም ብዙ ዘመን ባዶ ስም ነበር። የሞላው በኋላ ነው። ጭቃ እየረገጠ፣ ዱላ እየተደገፈ፣ በየዓመቱ የሚወጣው ድሀ ነው የሞላው። ያው አንድ በር፣ በፊት ሰው እንዳይወጣ የሚጠበቅበት፣ ዛሬ ሰው ለመግባት የሚጋፋበት ሆኗል።

አንድ ዓመት ለንግሡ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ቀነስ ሲል አንድ ሽማግሌ ቄስ አገኘሁ። የአካባቢው ሰው ናቸው። መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ የሆዴን ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ የነገሥታቱ ልጆች ይኖሩበት የነበረው የቱ ጋ ነው?»

«የቱ ጋ ትይኛለሽ እታለም» አሉኝ። «አሁን የቆምሽበት ምን መሰለሽ? አምባው ሁሉ ቤታቸው ነበር።»

«መቃብራቸውስ?»

«እሱም እዚሁ ነዋ። ማን አወረዳቸው?»

ከዚያ ሌላ ሰው መስቀል ሊሳለም መጣ፣ ወሬያችን ተቋረጠ። እኔ ግን እግሬን የት እንደማሳርፍ ግራ ገባኝ። ዘርዓ ያዕቆብንና ናዖድን ስለነገሡ እናውቃቸዋለን። ተወልደው፣ ወጥተው፣ እዚያው አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ አርጅተው ያለፉትስ? ዜና መዋዕል የሚጻፈው ለወረደ ነው። ላልወረደ አይጻፍም። «ደብረ ነገሥት» የሚለው ስም ራሱ ይገርመኛል፤ አብዛኞቹ ነገሥታት አልነበሩም። ንጉሥ እንዳይሆኑ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከመርሐ ቤቴ የመጡ ናቸው። ስለ እስረኞቹ ነገርኳቸው። አልሰሙም ነበር። ገረማቸው፣ አማተቡ። በቅዱስ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ነውር ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እንደዚያ የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ «ስለ በረከቷ ተናገሪ እንጂ ስለ እስሩ ምን አነሳሽ» ይላሉ። አልስማማም። መስቀል ያረፈባት ተራራ እኮ ናት። መስቀልም መቅጫ ነበር።

እናት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ክርስትና ስማቸው ማን ይባላል?» አሉኝ።

«አይታወቅም፣ እማማ። የአብዛኞቹ አይታወቅም።»

«ኧረ ይሄማ አይሆንም» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ማስታወሻዬን አዩ። «ጻፊ ልጄ። እኔ ለቄሱ ስም ስሰጥ የሟቾቼን ዝርዝር ነው የምሰጣቸው። በነሱ መጨረሻ ላይ 'የደብረ ነገሥት ልጆች' ብለሽ ጻፊልኝ። እግዜር ማን ማን እንደሆኑ ያውቃል።»

ጻፍኩላቸው። በኔም ዝርዝር ላይ አስገባሁት።